የሰኔ ሙቀት ደብተር፦ ከሳቢያን

ግንቦት 27

ነገሩ የተጀመረው ሻይ ላይ ነው። የባጃጅ ልጆች ከሰዓት በኋላ ኒም ዛፏ ሥር ተኮልኩለው «ዛሬ ስንት ነው?» ይባባላሉ። አንዱ 42 አለ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ 37 ብሎ አነበበ። ሦስተኛው «ወላሂ 45 ነው!» ብሎ ማለ። ጨረታ በሉት። እኔ ደግሞ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሠፈር መንገድ ዳር፣ ኮንቴነር ውስጥ ቬንትሌተር እጠግናለሁ። ሙቀት እንጀራዬ ነው። ስንት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን እኔም እንደ እነሱ አፌ ላይ የመጣውን ነው የምናገረው። አፈርኩ።

ስለዚህ ሰኔን ሙሉውን ልለካው ነው። ሌላው አገር ሰኔ ሲባል ጃንጥላ ያስባል። እኛ ጋ ሌላ ነው። ድሬ ዝናቧን የምታገኘው በሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ አንዴ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ዓመቱን ሙሉ ተጠራቅሞ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በሁለቱ መሃል ግንቦትና ሰኔ ደርቀው ይቀራሉ። ፀሐይዋ ያኔ ከአናት አትርቅም። ደመና የለ፣ ዝናብ የለ፤ መሬቱ ዝም ብሎ ይግላል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ክረምት ገባ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩ» ስትለኝ እኔ አንሶላ ውሃ ነክሬ ነው የምተኛው።

ግንቦት 28

ቴርሞሜትር ገዛሁ። ዩ ቅርጽ ያለው ነው። በአንዱ ክንዱ የቀኑን ከፍተኛ፣ በሌላው የሌሊቱን ዝቅተኛ ይይዛል። ሜርኩሪው ሲሄድ ሁለት ትንንሽ መርፌዎችን ይገፋል። ሲመለስ መርፌዎቹ ያደረሳቸው ቦታ ላይ ይቀራሉ። መሃሉ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን ወርደው ሜርኩሪው ላይ ያርፋሉ። በቃ፣ ባትሪ የለ፣ ምን የለ። ሌላ ትንሽ ዲጂታል ደግሞ ጨመርኩ፣ ለንጽጽር።

እንደ ገዛሁት ኮንቴነሩ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። 9 ሰዓት ላይ 47 አለ። የባጃጁን ልጅ ጠርቼ ላሳየው ነበር፤ ደግነቱ አልጠራሁትም። የለካሁት አየሩን አይደለም፤ ፀሐይ የጠበሰችውን ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የራሱን ትኩሳት ነው የሚናገረው። 45 የሚሉት ሰዎች ውሸታም አይደሉም ለካ። የሆነ ቦታ ግድግዳ ላይ አንብበው ነው።

ግንቦት 30

ሳጥን ተሠራ። የአየር ሙቀት የሚለካው በጥላ ነው፣ ግን ነፋስ በሚያገባ ጥላ። ሣጥኑ ነጭ፣ ጎኑ እንደ ዓሣ ጉሮሮ የተሰነጣጠቀ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከሥሩም ሲሚንቶ ሳይሆን አፈር ይሁን ይላሉ።

ለጎኑ የሚሆን ነገር ሳስብ ከዚራ ያሉት የድሮ የባቡር ሠፈር ቤቶች ትዝ አሉኝ። መስኮቶቻቸው ላይ ክንፍ ክንፍ ያለው የእንጨት መዝጊያ አለ አይደል? ፐርሲያና። ፀሐዩን ከልክሎ ነፋሱን ያሳልፋል። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በአውሮፓውያን 1902 ነው፤ ያኔ የገባው ሰው የድሬን ሙቀት አይቶ ነው መስኮቱን እንደዚያ የሠራው። ሠፈራችን ያለው አናጺ ጋ ሁለት የተጣለ ፐርሲያና ተገኘ።

«ጋሼ፣ አራቱንም ጎን በዚህ ሥራልኝ፣ ጣሪያው ድርብ ይሁን፣ መሃሉ ክፍት።»

«ለርግብ ነው?»

«ለቴርሞሜትር ነው።»

ዝም ብሎ አየኝ። «አቦ ለርግብ ነው በለኝ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?» (ድሬ ነንና አንቱታ ብዙ አንወድም። ጋሼም እያልኩት አንተ ነው የምለው፣ ቅር አይለውም።)

ነጭ ዘይት ቀለም ሁለት እጅ ተቀባ። ጓሮ፣ ከፓፓያዋ ራቅ አድርጌ አራት እግር ላይ አቆምኩት። በሩን ወደ ሰሜን አዞርኩ። ከምድር ወገብ በላይ ያለ ሰው በሩን ወደ ሰሜን ያድርግ፣ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ሲከፈት አትገባም ይላል የተማርኩት። ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰኔ 1

ከመጀመሬ በፊት ቴርሞሜትሩን ራሱን ፈተንኩት። ጁስ ቤት ሄጄ በረዶ ለመንኩ። በጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ አደቀቅኩት፣ ብርጭቆ ሞላሁ፣ ክፍተቱን ብቻ የሚሸፍን ውሃ ጨመርኩ። እያማሰልኩ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ነው፤ ድሬም ቢሆን ዜሮ ነው። የኔው ቴርሞሜትር 1 አለ። ዲጂታሉ 0.3። ስለዚህ ከዩው ላይ ሁልጊዜ አንድ እቀንሳለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የተቀነሰ ነው። በረዶው በብርጭቆው ውስጥ ሩብ ሰዓት አልቆየም። የተረፈውን ውሃ ጠጣሁት።

ንባቡ በቀን ሁለቴ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት። ቁልፉን የምጫነው ጠዋት ብቻ ነው፣ ከጻፍኩ በኋላ። ስለዚህ ጠዋት የማገኘው ከፍተኛ የትናንቱ ነው፤ በትናንቱ ቀን ሥር እጽፈዋለሁ። ሦስተኛ ዓምድም ጨመርኩ፦ በዕለቱ ስንት የተበላሸ ቬንትሌተር መጣ? ለጨዋታ ነው ያደረግሁት።

የዛሬ፦ ከፍተኛ 36፣ ዝቅተኛ 23.5፣ ቬንትሌተር 3።

ሰኔ 3

36.5። ስልኬ ደግሞ 38 ይላል። ስልኩ የኛ ጓሮ ውስጥ ቴርሞሜትር የለውም። ኮምፒውተር ሰፊ አካባቢን በአንድ ቁጥር አስልቶ ነው የሚሰጠው። ሜዳውንም፣ ገደሉንም፣ ከተማውንም አንድ ላይ። አንዳንድ ቀን ከኔ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ቀን ይዘላል። ልፎካከረው አይደለም፣ ግን ወደ ሻይ ቤት የሚሄደው የኔ ቁጥር ነው።

«36.5 ነው» አልኳቸው።

«አንተ ዕቃህ ተበላሽቷል» አሉኝ።

ሰኔ 5

ሌሊት 36 የሚባል ነገር የለም፣ ታዲያ ለምን አልተኛም? ዲጂታሉን መኝታ ቤቴ አስገባሁት። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጓሮ ያለው ሳጥን 27 ሲል መኝታ ቤቱ 32። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒሱም ስስ ነው። ግድግዳው ብሎኬት። ቆርቆሮው ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይበርዳል፤ ብሎኬቱ ግን ቀን የጠጣውን ሌሊት ቀስ ብሎ ይተፋዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ሞቅ ብሎ የቆየ ጀበና ይመስላል።

አልጋዬን ወደ ጓሮ አወጣሁ። አጎበሬን ከፓፓያዋና ከሳጥኑ እግር ጋር አሰርኩ። እናቴ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አለች። እሷ ከግንቦት ጀምሮ ውጭ ነው የምትተኛው፤ ልትለካ አላስፈለጋትም።

ሰኔ 8

አንድ ነገር ከነከነኝ። 9 ሰዓት ላይ የሳጥኑን በር ከፍቼ ሳነብ መርፌው ዓይኔ እያየ ከፍ ይላል። ከፍቼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ ደብተሬን እስክይዝ ግማሽ ዲግሪ። የኔ ትንፋሽ ነው ብዬ አፌን በሻሽ ሸፈንኩ። ያው ነው።

ሰኔ 9

ሞኝ ነበርኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ፀሐይዋ በበሩ ሰያፍ ገብታ ቱቦውን ትነካዋለች። በሰሜን በር!

ከዚያ ነው የገባኝ። ያ ሕግ ለነሱ ነው፣ ከሰሜን ላሉት። ፀሐይዋ እኛን አልፋ ትሄዳለች። ድሬ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናት። ፀሐይዋ በሰኔ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ድረስ ወደ ሰሜን ትወጣለች። ሚያዝያ 7 አካባቢ ልክ በአናታችን ታልፋለች፣ ነሐሴ 22 አካባቢ ስትመለስ ደግማ ታልፋለች። በሁለቱ መሃል፣ አራት ወር ከምናምን፣ እኩለ ቀን ላይ ያለችው በሰሜን ነው። ከሰዓት በኋላም በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው የምትወርደው። እኔ በመጽሐፍ ቃል በሩን ፊት ለፊቷ ከፍቼ አስቀምጫለሁ።

ሳጥኑን አዞርኩ። በሩ አሁን ወደ ደቡብ ነው። ጥቅምት ላይ መልሼ አዞራለሁ። ያልተለመደ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ለዚህ ብለው ሁለት በር የሚያደርጉለት አሉ። አናጺው ከአጥር ማዶ «ርግቦቹ ፊታቸውን ማዞር ፈለጉ?» አለ።

ካለፉት ስምንት ቀናት የ9 ሰዓቱን ንባቦች በእርሳስ ሰረዝኳቸው። ከፍተኛና ዝቅተኛው ግን ይተርፋል፤ በሩ ዝግ ሳለ የተያዘ ነውና። የቀኑ ሙቀት ጫፉ ላይ የሚደርሰው ግን 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ እኔ ከፍቼ ያስነሳሁት ግማሽ ዲግሪ አንዳንዱ ቀን ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ጎኑ ላይ ጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ሰኔ 12

38። እስካሁን ትልቁ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ትሪ ነው። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሳቢያን ውስጥ ፍየል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሱቁ ሁሉ ግማሽ ዝግ። ሰዉ በየቤቱ በርጫ ላይ ነው። ወደ መጋላ ገበያ ለካፓሲተር (የቬንትሌተሩን ሞተር የሚያስነሳው ዕቃ ነው) መሄድ ነበረብኝ። ባጃጁ ፍሬን በያዘ ቁጥር አየሩ ሲቆም ፊትህ ላይ የምጣድ አክንባሎ የተከፈተ ይመስላል። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ስንሻገር አሸዋው ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል። ጠብታ ውሃ የለበትም።

ዛሬ ስንት ቬንትሌተር ይመጣ ይሆን ብዬ ጓጓሁ። ነገ ይጥለቀለቃል ብዬ ሦስት ካፓሲተር ትርፍ ገዛሁ።

ሰኔ 13

ሁለት። ሁለት ቬንትሌተር ብቻ! አንዱም የተበላሸ አይደለም፣ ሶኬቱ ነው የላላው።

ደብተሩን አየሁ። ሌሊቱ ወደ 22.5 ወርዷል። ሰማዩ ክፍት ስለነበር መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ለቀቀው። ጓሮ ላይ ወደ ንጋት አካባቢ አንሶላ ስቤያለሁ። ሰው እንቅልፉን ተኝቶ ተነሳ፤ ቬንትሌተሩን አልተማረረበትም።

ሰኔ 14

ዛሬ ፀሐይዋ ሰሜን ጫፍ የምትደርስበት ቀን ነው። አንድ ሜትር ብረት በቱንቢ አስተካክዬ ተከልኩ። እዚህ ትክክለኛው እኩለ ቀን በሰዓታችን 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፣ ምክንያቱም የአገሩ ሰዓት የተቆረጠው ከእኛ ትንሽ ምሥራቅ ላለ መስመር ነው። የብረቱ ጥላ በጣም አጭር ሆነ፦ 24 ሳንቲ ሜትር። እና የወደቀው ወደ ደቡብ ነው። የጎረቤት ልጆች ተሰበሰቡ። «ጥላው በተቃራኒ ነው» አለች አንዷ። የትምህርት ቤት ሥዕል ላይ ጥላ ወደ ሰሜን እንደሚወድቅ አይታ ይሆናል። እጇ ላይ ያለ ቾክ ሰጥታኝ ምልክት አደረግንበት።

37፣ 24፣ ቬንትሌተር 3።

ሰኔ 17

ለለቅሶ ሐረር መሄድ ነበረብኝ። ዲጂታሉን በኪሴ ያዝኩ። ታናሽ ወንድሜ 9 ሰዓት ላይ የጓሮውን እንዲያነብልኝ አስማልኩት።

ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት መውጣት ሲጀምር መስኮት የሚከፍተው ሰው አነሰ። ጫፉ ላይ ደመና መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ከፌስታሏ ጋቢ አወጣች። ከአንድ ሰዓት በፊት ሁለታችንም ላብ በላብ ነበርን። ሐረማያን አልፈን፣ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ተመልሶበት አየሁና ደስ አለኝ። አወዳይ ጫት ለመጫን ቆምን፣ እንደ ደንቡ።

ሐረር ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ላይ፣ ነፋስ እየነካው፣ 9 ሰዓት ላይ፦ 27.5። ወንድሜ ስልክ ደወለ፦ 36። ስምንት ዲግሪ ተኩል ልዩነት፣ በአንድ ሰዓት ምናምን መንገድ።

ሒሳቡ ይሄን ያህል አይከብድም። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1900 ሜትር ይጠጋል። ደረቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይበርዳል፤ በ100 ሜትር አንድ ዲግሪ ገደማ። 700 ሜትር ሰባት ዲግሪ ነው። የቀረችውን አንድ ተኩል ለሐረር ደመና ሰጠኋት። የኔም በእጅ የተያዘ ዲጂታል ከሳጥን ጋር እኩል አይደለም። ለቅሶ ቤት ቴርሞሜትር ይዤ ጥግ ጥጉን ስዞር የታየሁበትን ዓይን አልረሳውም።

ሰኔ 20

ደረቅና እርጥብ። የዲጂታሉን ጫፍ በነጠላ ክር ጠቀለልኩት፣ የክሩን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ከጎኑ ደረቁን አደረግሁ። በሁለቱም ላይ ቬንትሌተር ለቀቅኩ።

ደረቁ 36 ላይ ነበር። ቬንትሌተሩ ሲዞር፦ 36። ምንም። እርጥቡ ግን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረደ፣ ወረደ፣ 20 ላይ ቆመ።

ደንበኛ መጥቶ ነበር። «ይኼ ቬንትሌተር አየሩን አያቀዘቅዝም» ብሎ ነው ያመጣው። ጎትቼ አሳየሁት። ቬንትሌተር አየር አያቀዘቅዝም፤ ላብህን ነው የሚያደርቀው። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ያንን ነው በረደኝ የምትለው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰው ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚያደርገው ነገር የለም፤ እንዲያውም ሞተሩ ትንሽ ያሞቃል። አሳመንኩት መሰለኝ፤ ቬንትሌተሩን ሳያሠራ ተመለሰ። ንግድ እንዲህ አይሆንም።

የ16 ዲግሪ ልዩነት በሰንጠረዡ ሲታይ እርጥበቱ 24 በመቶ አካባቢ ነው። ድሬ የምትችለው በዚህ ነው። ደረቅ ስለሆነ ላብህ ይሠራልሃል። እርጥብ አንሶላዬም የሚሠራው ለዚህ ነው፤ የሚያሳዝነው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ሰኔ 22

መብራት የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ። ሰው ቬንትሌተሩ ቆሞበት ካርቶን እያራገበ ነው ያደረው። 37፣ 25።

ሰኔ 23

ዛሬ ደመና ዋለ። ከፍተኛው 35.5 ብቻ ነው። ሻይ ቤት «ዛሬ እንኳ ተነፈስን» ተባለ።

ሰኔ 24

አልተነፈስንም። ደመናው ሌሊቱንም አልሄደም። ብርድ ልብስ ሆነብን፤ መሬቱ የለቀቀውን ሙቀት ይዞ መልሶ ወደ ታች ይልከዋል። ነፋሱም ቆመ። ዝቅተኛው 26.5። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቅቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ስህተት መስሎኝ በባትሪ ደግሜ አየሁ። አጎበሩ ውስጥ አየሩ የተኛ ይመስል ነበር። እናቴ ጭንቅላቷ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጋ ተቀምጣለች።

ገና ኮንቴነሩን ሳልከፍት ሦስት ሰው በር ላይ። እስከ ማታ ዘጠኝ ቬንትሌተር። አራቱ ካፓሲተር፣ ሁለቱ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) የደረቀባቸው፣ አንዱ ኮይሉ፣ የሞተሩ ሽቦ ጥቅል፣ የተቃጠለ፣ ሁለቱ ደግሞ አቧራ ብቻ። ካፓሲተሩ የሚደክመው በሙቀት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ሲዞር፣ በዙሪያውም ቀዝቃዛ አየር ሲያጣ፣ ሞተሩ ይግላል። ቡሹ ላይ ያለችው ዘይት ትደርቃለች። ሰዉም ሌሊቱን ሲሰማው ያደረው ያ «እእእ» የሚል ድምጽ ሆዱን ያዞረዋል፣ በጠዋት ቬንትሌተሩን አፍኖ ያመጣዋል።

ትርፍ ካፓሲተሮቹ ዛሬ አለቁ።

ሰኔ 25

ደብተሩን ዘርግቼ ዓምዶቹን ጎን ለጎን አየኋቸው። ከፍተኛውና ቬንትሌተሩ አይገናኙም። 38 የሆነ ዕለት ማግስት ሁለት፤ 35.5 የሆነ ዕለት ማግስት ዘጠኝ። ዝቅተኛውን ከቬንትሌተሩ ጋር ሳስቀምጥ ግን አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሻይ ቤት የምንጨቃጨቅበት ቁጥር ሌላ፣ ሰዉን የሚጎዳው ቁጥር ሌላ።

ለጓደኛዬ አሳየሁት። ሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ደስታዬን ለማበላሸት አልሰነፈም። «መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስንት ዕቃ ያቃጥላል? ሰኔ 22 መብራት ጠፍቶ አልነበር? ደሞዝስ የወጣው መቼ ነው?» ልክ ነው። ደሞዝ ሳይወጣ የተበላሸ ቬንትሌተር ማንም አያመጣም፣ ጥግ ላይ ይጥለዋል። አንድ ወር ብቻ በቂ አይደለም። ግን የተቃጠለው ኮይል አንድ ነው፤ ዘጠኙን ሁሉ ለመብራቱ ልሰጥ አልችልም። ክርክሩ በሁለት ሻይ አለቀ፣ ከፋዩ እኔ።

ሰኔ 27

ባዶ። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት መጥቷል፣ አራት ዓመቱ ነው። ወንበር ስቦ ሳጥኑን ከፍቶ ቁልፉን ተጫነው። «ብርዱን አወረድኩላችሁ» ይላል። ሊናደዱበት አይቻልም። ዓምዱ ላይ ሰረዝ አደረግሁ። ገምቼ ልሞላው እችል ነበር፤ ትናንትናውንም ነገውንም አውቃለሁና። ግን አንዴ ገምቶ የሞላ ሰው ሌላ ጊዜም ይሞላል።

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ እንሽላሊት ገብታ ቱቦው ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ጥላ ነው፣ ነፋስ አለው፣ ማን ይጠላል? አስወጣኋት። ከሰዓት ተመልሳ ነበር።

ሰኔ 29

ዝናብ! ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ወደ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ነፋስ መጣ፣ አቧራ መጣ፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚወረወር ይመስላል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቆመ።

የዝናብ መለኪያዬ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። አናቱን ቆርጬ ገልብጬ ማፍሰሻ አደረግሁት። ግርጌው እኩል ስላልሆነ ሲሚንቶ በጥብጬ አፈሰስኩበትና ደልዳላ አደረግሁት። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጠፍኩ። አፉና ሆዱ እኩል ስፋት ስላላቸው የማስመሪያው ሚሊ ሜትር የዝናቡ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በኛ ሙቀት ደግሞ ውሃው ሳይለካ ይተናል፤ ለዚያ ከሥር አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት አለ፣ ላዩን ይዞ ትነቱን ይከለክላል። እናቴ ስለ ዘይቱ ዋጋ የተናገረችውን እዚህ አልጽፍም።

4 ሚሊ ሜትር። ቴርሞሜትሩ ከ37 ወደ 28 ወረደ፣ በሃያ ደቂቃ። ልጆች ራቁታቸውን መንገድ ወጡ።

ግን ወሬው ሌላ ነው። ማታ ላይ ደቻቱ ሞልቷል ተባለ። ሄጄ አየሁት፤ ያ ነጭ አሸዋ ቡናማ ሆኖ እየጮኸ ይሄዳል፣ እንጨትና ጎማ ይዞ። የኔ ሃይላንድ 4 ሚሊ ሜትር ነው የሚለው! ውሃው የዘነበው እላይ፣ ጋራው ላይ ነው። ድሬ ሰማይዋ ጠርቶ ወንዟ ይሞላል። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍም ከላይ ነው የመጣው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ። ድልድዩ ላይ የቆሙት ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ብለው ነበር ውሃውን የሚያዩት። ወጣቶቹ ፎቶ ያነሳሉ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጎደለ።

ሰኔ 30

የ29 ቀን ድምር (አንዱን ልጁ በልቶታል)። የከፍተኛው አማካይ 36.3። የዝቅተኛው አማካይ 24.1። ትልቁ 38፣ ትንሹ 22.5፣ ዝናብ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቬንትሌተር 94። 40 አንድም ቀን አልደረሰም፣ ቢያንስ ሳቢያን ውስጥ፣ ቢያንስ እኛ ጓሮ፣ ነጭ ሳጥን ውስጥ።

ሻይ ቤት ወሰድኩት። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ አንድ ሰው ሻይ ደፋበት፣ ሰኔ 6 እና 7 ቡናማ ሆኑ። «40 የለም?» አለኝ ያ 45 ያለው ልጅ። የለም አልኩት።

«አንተ ሳጥን ውስጥ ነው የምትለካው» አለ። «እኔ ባጃጅ ውስጥ ነኝ።»

እውነቱን ነው። ባጃጁ ጥቁር ሸራ ነው፣ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ነው። ዲጂታሉን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሐምሌን ከመሪው አጠገብ አስሮ ሊነዳ ነው። በማስታወሻ ይጻፍልኝ ብዬ እርሳስም ጨመርኩ፣ ጆሮው ላይ ሰካት። የሻይዋ እናት ግን ከምድጃው ሳትነሳ «ትናንት ሌሊትስ ስንት ነበር?» አለችኝ።

«23።»

«እኔማ ታውቆኛል፣ አንዴም አልነቃሁም።»